የጣሪያ ዝናብን ግቢ ውስጥ ማስረግ፦ ስርጉድ መደብ ለድሬና ለሐረር ቤቶች

ውሃ ልክ

ሰላም ጀማዓ። የዝናብ መደብ ጥያቄ እየተደጋገመ ስለሚመጣ አሰራሩን ከነልኩ አንድ ቦታ ላይ ላስቀምጠው። ስህተት ካለ አርሙኝ፤ የጎደለውን ሙሉ።

ነገሩ ከጣሪያ በአሸንዳ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ለጥቂት ሰዓት ካቆረ በኋላ ወደ መሬት የሚያሰርግ ጎድጎድ ያለ የአትክልት መደብ ነው። ከኩሬ ጋር አታምታቱት። ዝናቡ ባባራ በ24 ሰዓት ውስጥ ላዩ ላይ የሚታይ ውሃ መኖር የለበትም። ይህ ካልተሟላ የቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ድሬ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። እሱም ቢሆን በበልግና በክረምት ተከፋፍሎ፣ በጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች የሚወርድ ነው። አንዱ ዝናብ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል፤ በሳምንቱ ያው ግቢ በጎማ ውሃ ይጠጣል። የቧንቧ ውሃችን ደግሞ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ማንቆርቆሪያው ላይ የምታዩት ነጭ ቅርፊት አፈሩም ላይ ይጋገራል። የዝናብ ውሃ ያን ጨው አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ለተክል ከዚህ የተሻለ ውሃ የለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። የጣሪያውን ስፋት ስትለኩ ቆርቆሮው ላይ ወጥታችሁ ተዳፋቱን አትለኩ፤ ከታች መሬቱን የሸፈነበትን ርዝመትና ስፋት ለኩ። 8 በ10 የሆነ ቤት 80 ካሬ ነው። ግማሹ ጣሪያ ወደ አንዱ አሸንዳ የሚወርድ ከሆነ 40 ካሬ ያዙ። 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,000 ሊትር ይሆናል፤ በፍንጣሪና በትነት 10 በመቶ ቢጠፋ 900 ሊትር ይቀራል። መደቡ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚያቁር ከሆነ በ1 ካሬ 150 ሊትር ይይዛል። 900ን ለ150 ስታካፍሉ 6 ካሬ ይመጣል፤ ማለትም ወለሉ 2 በ3 ሜትር የሆነ መደብ። አብዛኛው ግቢ ይህን አያጣም።

ለክረምት መድረስ የሚፈልግ ሰው ግንቦት ላይ ይፈትሽ፣ ሰኔ ላይ ይቆፍር፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ይትከል። ዝናብ እየዘነበ የተቆፈረ መደብ ወለሉ በእግር ተረግጦ ይለሰናል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ አያሰርግም።

የከዚራ ኒም

ጥሩ ጅምር ነው። ቦታ መረጣው ላይ ልጨምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ከአጥር ግንብም እንዲሁ፣ በተለይ ግንቡ የጎረቤት ከሆነ። ከሽንት ቤት ጉድጓድና ከፍሳሽ ማጠራቀሚያ 5 ሜትርም 6 ሜትርም ቢርቅ ይመረጣል፤ የሚሰርገው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ከገባ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። የውሃ ጉድጓድ ያለበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ይራቅ።

ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ ረግረግ የሚል ቦታ ካለ «ይኸው ተፈጥሮ ራሷ መረጠችልኝ» ብላችሁ እዚያ አትቆፍሩ። ውሃ የሚተኛው መሬቱ ስለማያሰርግ ነው። መደቡ የሚፈልገው የዚያን ተቃራኒ ነው።

የትልቅ ዛፍ ሥር መሃል ላይም አትግቡ። ኒም ጥላው ቢያስጎመጅም ወፍራም ሥሩን በዶማ እየቆረጡ መደብ ማውጣት ዛፉንም መደቡንም ያበላሻል። ከቅጠሉ ጥላ ጫፍ ወጣ በሉ።

ሳቢያን

አቦ፣ የአፈር ፍተሻውን ዝርዝር ጻፉት እንጂ። የሁላችንም አፈር አንድ አይደለም።

ውሃ ልክ

ልክ ነሽ እህቴ። እነሆ።

መደቡ በታሰበበት ቦታ ላይ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። ጎንና ጎኑን አካፋው ካለሰነው በሹካ ወይም በሚስማር ጫር ጫር አድርጉት። አንድ ጊዜ ሙሉት፤ ሰርጎ ይለቅ። ሁለተኛ ሙሉት፤ እንደገና ይስረግ። መለካት ያለበት ሦስተኛው ሙሌት ነው። ደረቅ አፈር የመጀመሪያውን ውሃ እንደ ስፖንጅ ስለሚጠጣ በመጀመሪያው ሙሌት የተለካ ቁጥር ያታልላል። አንድ እንጨት በሴንቲ ሜትር ምልክት አድርጋችሁ መሃሉ ላይ ትከሉና በየሰዓቱ የወረደውን መዝግቡ።

የተገኘውን ቁጥር ለሁለት አካፍሉት። አንደኛ፣ ጠባብ ጉድጓድ በጎኑም ስለሚያሰርግ ፍጥነቱን ያጋንናል። ሁለተኛ፣ መደቡ ከጊዜ በኋላ በደለል ይደፈናል። ግማሹን በ24 ስታባዙ የሚፈቀደው ትልቁ ጥልቀት ይወጣል። ለምሳሌ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ግማሹ 0.5 ነው፤ በ24 ሲባዛ 12 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ ውሃ እንዲያቁር አታድርጉ። ቁጥሩ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን ከ20 ሴንቲ ሜትር አትለፉ፤ ሕፃን ያለበት ግቢ ነው።

በሰዓት ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይወርድ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ይህን መደብ እርሱት።

ደንገጎ

ከወንዝ ዳር ያለው የድሬ መሬት አሸዋ ስለሆነ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሰዓት 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወርዳል። ውሃው ቶሎ መጥፋቱ ለትንኝ ጥሩ ነው፤ ተክሉ ግን በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል። መድኃኒቱ የበሰለ ኮምፖስት ነው። ወለሉ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሱና እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከአሸዋው ጋር አደባልቁት። ለ6 ካሬ 300 ሊትር ኮምፖስት ነው፤ 60 ሊትር በሚይዝ ባሬላ አምስት ጊዜ።

ጥሬ ፍግ ግን አይሆንም። ሥር ያቃጥላል፤ ውሃውም እየሟሟው ወደ ታች ይዞት ይሄዳል። ቢያንስ ሦስት ወር የቆየና ሽታው የጠፋ ይሁን።

እሬት

ገራባ (የጫት ትራፊ) በየጉሊቱ ሞልቷል፤ ለጉዝጓዝ አይሆንም?

ደንገጎ

እንደወረደ አይሆንም። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ቀላል ስለሆነ ውሃ ሲሞላ ይንሳፈፍና ተሰብስቦ የትርፍ ውሃ ማስወጫውን ይወትፈዋል። ከዚያ ውሃው በመደቡ ታችኛ በኩል ያለውን የአፈር ክትር አልፎ ይፈሳል። መጀመሪያ ኮምፖስት ውስጥ ይግባ። ጫት ላይ የሚረጭ ኬሚካል ስላለ ገራባ ያለበትን ኮምፖስት ለሰላጣና ለቆስጣ አትጠቀሙ፤ ለአበባና ለሳር ችግር የለውም። የመደቡን ወለል ለማልበስ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጠር ይሻላል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል።

ሳቢያን

የትንኙን ነገር ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው፤ ድሬ ላይ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ በተባለችው የከተማ ትንኝ የተነሳ የወባ ወረርሽኝ አይተናል። ዴንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤዴስም ሆነች ስቴፈንሳይ ሰው በሚያጠራቅመው ውሃ ላይ መራባት ይወዳሉ፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የተጣለ ጎማ፣ የግንባታ ውሃ ገንዳ።

በእኛ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። መደቡ በ24 ሰዓት ከደረቀ እጩ ያለ ውሃ ይቀርና ይሞታል። ስለዚህ በትክክል የተሠራ መደብ ክዳኑ ክፍት ከሆነ በርሜል አጠገብ ሲታይ ምንም አይደለም። አደጋው ከመደቡ ጎን ባሉት ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛው አሸንዳው። መሃሉ የጎበጠ አሸንዳ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ከታች ሆኖ ደግሞ ማንም አያየውም። በየ1 ሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄዱን በግንበኛ ውሃ ልክ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ውሃው ወደ መደቡ ከመግባቱ በፊት የሚሠራው የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ። ወለሉን በሲሚንቶ የለሰነ ሰው የትንኝ ማርቢያ ሠርቷል ማለት ነው። ወለሉ አፈር ይሁን፤ ላዩ ላይ ጠጠር ይነስነስበት።

ሦስተኛው የልብስ ማጠቢያ ውሃ። «ተክል ይጠጣዋል» ብለው ወደ መደቡ የሚለቁ አሉ። በየቀኑ እርጥብ የሆነ መደብ አይደርቅም፤ የሳሙናው ጨውም አፈሩን ያበላሸዋል። ጣሪያ ብቻ።

የከዚራ ኒም

ይህን መልእክት አናቱ ላይ ስቀሉት።

ሸዋ በር

እኔ የምጽፈው ከሐረር ነው። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ቀዝቀዝ ያለችና ዝናብም የምታገኝ ናት፤ ልኩን ከድሬ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የሸክላ አፈር ባለበት ግቢ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ልክ ባስቀመጠው ስሌት ጥልቀቱ 10 ወይም 12 ይሆንና ስፋቱ ይጨምራል። ለዚያው 900 ሊትር 9 ካሬ ግድም ነው። ሸክላ ላይ አሸዋ መጨመር መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ትንሽ አሸዋ ከሸክላ ጋር ሲደባለቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ኮምፖስት ብቻ ጨምሩ።

ጀጎል ውስጥ ላላችሁ ግን አትቆፍሩ ነው የምለው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ፣ በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ ናቸው። 3 ሜትር የሚርቅ ቦታ ግቢው ውስጥ የለም። ከመሠረቱ ሥር የገባ ውሃ የራሳችሁንም የጎረቤታችሁንም ግድግዳ ያሰነጥቃል። እዚያ የሚሆነው ከመሬት በላይ የሚቀመጥ ሳጥን ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ውስጡ ውሃ በማያሳልፍ ላስቲክ የተሸፈነ፣ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከላይ አፈርና ኮምፖስት፣ ከወለሉ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ ነባሩ ቦይ የሚያወጣ። ብዙ ውሃ አይይዝም፤ ግን ዝናቡን ያዘገየዋል፣ ተክሉንም ያጠጣል።

እሬት

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ መደብ በየግቢው ቢሠራ ድሬን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ጎርፍ ያስቀራል?

ውሃ ልክ

አያስቀርም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሰውን ማታለል ነውር ነው። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ የከተማው ጣሪያ ውሃ አልነበረም። ዝናቡ የጣለው ከላይ ተራራው ላይ ነው፤ ውሃው የወረደው ሰው በተኛበት ነው። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ ሳይጥልም ደረቁ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። እሱን የሚመልሰው ተራራው ላይ የሚሠራ እርከንና ክትር፣ የወንዝ ዳር ግንብና ማስጠንቀቂያ ነው።

መደቡ የሚያደርገው የራሳችሁን ጣሪያ ውሃ መንገድ ላይ ከመልቀቅ ማዳን ነው። የሰፈር ቦይ ሞልቶ ወደ ሱቅና ወደ ዝቅተኛ ቤት የሚገባበትን ውሃ ይቀንሳል። ደረቅ ወንዝ ዳር ያለ ግቢ ደግሞ ውሃ ሄዶበት በሚያውቅ መስመር ላይ መደብ አይሥራ፤ ጎርፍ አንድ ቀን መጥቶ ጠራርጎ ይወስደዋል።

አሁን ቁፋሮው። 6 ካሬ ለሆነ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ ለሚያቁር መደብ፦

ቅርጹን በገመድ ወይም በአመድ አስምሩ። ረጅሙ ጎን በመሬቱ ተዳፋት ላይ አግድም ይተኛ። ኮምፖስቱና ጠጠሩ ቦታ ስለሚወስዱ 25 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። ጠርዙ እንደ ገደል ቀጥ አይበል፤ 1 ሲወርድ 3 ወደ ጎን ይሂድ። ቀጥ ያለ ጠርዝ በመጀመሪያው ዝናብ ይናዳል። ወለሉን የምትረግጡ ከሆነ ሰፋ ያለ ጣውላ አንጥፋችሁ እሱ ላይ ቁሙ።

የወጣውን አፈር በታችኛው በኩል ክትር አድርጉት። ግርጌው ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይስፋ። በ10 በ10 ሴንቲ ሜትር እየደረባችሁ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ በእግርና በመጠቅጠቂያ ጠቅጥቁት። ንጹሕ አሸዋ ክትር አይሆንም፤ እንደ ስኳር ይሟሟል። አፈራችሁ አሸዋ ብቻ ከሆነ ለክትሩ ሦስት አራት ባሬላ ሸክላነት ያለው አፈር አስመጡ።

የትርፍ ውሃ ማስወጫ የግድ ነው። ክትሩ ላይ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጎድጓዳ አፍ ክፈቱ። የአፉ ወለል ከመደቡ ወለል ልክ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የቀረው ክትር ደግሞ ከአፉ 10 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፉት፤ ከዚያ በኋላ ውሃው የሚሄድበትን ቦይ እስከ መንገዱ ቦይ አድርሱት። ወደ ጎረቤት ግቢ የሚፈስ ማስወጫ ጠብ ይጭራል።

ከአሸንዳው እስከ መደቡ 110 ሚሊ ሜትር የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ቅበሩ፤ በ3 ሜትር ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይዝቀጥ። የሚተፋበት ቦታ ላይ 1 ካሬ ያህል የጡጫ መጠን ያለው ድንጋይ ደርድሩ፤ አለበለዚያ ውሃው ወለሉን ሰርስሮ ጉድጓድ ያወጣል። የደለል ማስቀሪያው 40 በ40 ሆኖ 30 ሴንቲ ሜትር ቢጠልቅ ይበቃል።

ሳቢያን

የኔ ክትር በዓይን ሲታይ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ውሃ ሲሞላ ግን በማስወጫው ፈንታ በሰሜን ጥጉ በኩል ይወጣል። ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

ውሃ ልክ

ያ ጥግ ዝቅ ብሏል፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ዓይን 3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አያይም፤ ውሃ ግን ያያል። 10 ሜትር የሚሆን ውስጡን የሚያሳይ ነጭ ጎማ ግዢና ውሃ ሙዪው፤ ውስጡ የአየር አረፋ አይቅር። አንደኛውን ጫፍ ማስወጫው ጋ በእንጨት ላይ እሰሪው፤ ሁለተኛውን ጫፍ በክትሩ ላይ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ እያንቀሳቀስሽ ውሃው የቆመበትን ከፍታ ምልክት አድርጊ። ግንበኛ ጥግ ለጥግ የሚለካበት ዘዴ ነው። ዝቅ ያለውን ቦታ ሙዪና ጠቅጥቂ። አዲስ አፈር በአንድ ክረምት ስለሚሰምጥ ከልኩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ተዪው።

እሬት

ተክሉ የኔ ክፍል ነው።

መደቡን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ ወለል፣ ተዳፋት፣ ጠርዝ። ወለሉ ላይ የሚተከለው አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከዚያ ሦስት ሳምንት ደረቅ የሚችል መሆን አለበት። ይህን የሚችል ብዙ ተክል የለም። ቬቲቨር የተባለው ሳር አንደኛ ነው፤ ሥሩ ወደ ታች ስለሚወርድ አፈሩን ከፍቶ ውሃ እንዲሰርግም ያግዛል። ካና የተባለው አበባም ይችላል፤ በበጋ ቅጠሉ ቢደርቅ ከግንዱ ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። ለወለሉ ስድስት ካና በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በክትሩ ውስጠኛ ግርጌ ደግሞ ቬቲቨር በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በአንድ መስመር። 3 ሜትር ርዝመት ከሆነ 20 ቁራጭ ይበቃል።

ተዳፋቱ ላይ ጠጅ ሳር በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት፤ ከቦታ ቦታ በሶብላ። ቦታ ካለ አንድ ዘይቱን (ጓቫ)፤ ለአጭር ጊዜ ውሃ ቢተኛበት ይችላል። ጠርዙ ላይ እሬት፣ ጤና አዳም፣ ቡገንቪሊያ፤ እነዚህ እግራቸው ውሃ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳሉ። የክትሩን ውጭ ሰርዶ አልብሱት፤ አፈሩን እንደ ምንጣፍ ይሰፋዋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቄጤማን ነው። ለበዓል ይቆረጣል፣ ውሃም ይወዳል። ግን ሁልጊዜ እርጥበት ይፈልጋል፤ ድሬ ላይ ኅዳር ሲገባ ገለባ ይሆናል። ፓፓያ ደግሞ ሁለት ቀን ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ሽፈራውም ሥሩ ወፍራምና ውሃ የቋጠረ ስለሆነ እንደዚያው። ሎሚና ብርቱካንም ወለል ላይ አይተከሉም።

የወፍ ቆሎ አበባው ስለሚያምር ለጠርዝ የሚያመጡት አሉ፤ ተዉት፤ ወፍ ዘሩን ይዞ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሰዋል። ከጎርፍ ደለል ጋር የሚመጣ ቅንጬ አረምም አበባ ሳያወጣ በጓንት ይነቀል።

ከተተከለ በኋላ ዝናብ ከጠፋ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ ለካናና ለዘይቱን እስከ 10 ሊትር፣ ለቬቲቨር ቁራጭ 1 ሊትር አጠጡ። «የዝናብ መደብ ነው» ተብሎ ውሃ የተነፈገ ችግኝ ነው በብዛት የሚሞተው።

የከዚራ ኒም

ፍየሉስ? አጥር የሌለው ግቢ ሁሉ እኮ የፍየል ነው።

እሬት

የበሰለ ቬቲቨር ብዙም አትወደውም፤ ለጋውን ግን ትበላዋለች። የመጀመሪያውን ክረምት በእሾህ አጥር ዙሩበት።

ሸዋ በር

ስለ እንክብካቤው ማንም አላለም። ሐረር ላይ የሚታየው እንዲህ ነው፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ወለሉ ላይ እንደ ብራና የተሰነጣጠቀ ቀጭን የደለል ቅርፊት ይጋገራል። 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢሆን ማስረጉን ይገታል። ጠጠሩን ገለጥ አድርጎ ያን ቅርፊት በሬክ ማንሳት ነው፤ ቢበዛ 3 ሴንቲ ሜትር። በጥልቅ አትገልብጡት፤ የተክሉ ሥር ያበጀውን ቀዳዳ ይዘጋል። የደለል ማስቀሪያው ደግሞ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ በአካፋ ይጠረግ።

ሳቢያን

ጎማው ሠራ፤ ጥጉ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። የመጨረሻ ጥያቄ፤ መደቡ መዳከሙ በምን ይታወቃል?

ውሃ ልክ

ለፍተሻ የተጠቀምሽበትን ባለምልክት እንጨት ወለሉ ላይ ትከይው፤ አታንሺው። ዝናቡ እንዳባራ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቆመ እዪ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሰሽ እዪ። ውሃ ካለ ቅርፊቱን አንሺ። ቅርፊቱ ተነሥቶም ካልወረደ ማስወጫውን በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጊው፤ የሚያቁረው ይቀንሳል፣ ግን ይደርቃል። በየክረምቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ እንዲህ መለካት በቂ ነው።